ባለቤቱ ቢያዝም

ኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይል ሁሉ ባለቤት አለው። ማን ያንብበው፣ ማን ይጻፍበት የሚለውን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። አሠራሩ የገበሬ ጓሮ ይመስላል። ጌዴኦ ውስጥ በእንሰቱና በቡናው መሃል ማን እንደሚያልፍ የሚፈቅደው ባለጓሮው ራሱ ነው፤ ደስ ካለው “ግባ” ይላል፣ ካላለው ይመልሳል። ዩኒክስ ከተሠራበት ጊዜ አንስቶ አብዛኛው ኮምፒውተር የኖረው በዚህ ልማድ ነው።

ልማዱ ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ፕሮግራም ሰው አይደለም፤ የሚሠራው ግን በሰው ስም ነው። እኔ የከፈትኩት ፕሮግራም እኔ የምችለውን ሁሉ ይችላል። ዘፈን ማጫወቻው ዘፈን ብቻ እንዲያጫውትልኝ ብፈልግም፣ እዚያው ማሽን ላይ ያስቀመጥኩትን ደብዳቤ ከማንበብ የሚያግደው የለም። ደብዳቤው የእኔ ነው፣ ማጫወቻውም በእኔ ስም ነው የተነሳው። ለሲስተሙ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ከሃምሳ ዓመት በላይ ተደክሟል። የተገኘው መፍትሔ “አስገዳጅ የመዳረሻ ቁጥጥር” ይባላል። ስሙ ይከብዳል፣ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው፦ ከባለቤቱ በላይ ሕግ አለ፤ ባለቤቱ ቢፈቅድም ሕጉ ካልፈቀደ አይሆንም። ታሪኩን ከይርጋጨፌ ጋር አያይዤ የምተርከው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አንድ ፕሮግራም በእንዲህ ያለ ሕግ ያጠርኩት እዚያ ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው፣ የይርጋጨፌ ቡና ራሱ ባለቤቱ ባልለጠፈው ምልክትና ባልጻፈው ሕግ ሲተዳደር የኖረ ነው። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳያቸው አንዱ ሌላውን ያስረዳል።

አንድ ጥያቄ ብቻ የሚመልሰው አገልግሎት

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1988፣ በእኛ ጥቅምት 23 ቀን 1981፣ ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ትል በጊዜው ገና ትንሽ የነበረውን ኢንተርኔት አሽመደመደው። ትሉ ከገባባቸው በሮች አንዱ “ፊንገር” የሚባል አገልግሎት ነበር። አገልግሎት ስል ማንም ሳይከፍተው ማሽኑ ሲነሳ አብሮ ተነስቶ፣ ከጀርባ ሆኖ ጥያቄ የሚጠብቅ ፕሮግራም ማለቴ ነው። የፊንገር ሥራ ደግሞ ከሁሉም የቀለለ ነው፤ “እገሌ ማሽኑ ላይ አለ ወይ?” ተብሎ ሲጠየቅ ይመልሳል። በቃ።

ትሉ ከተጠበቀው በላይ የረዘመ ጥያቄ ላከለት። ጽሑፉ ከተመደበለት የማስታወሻ ቦታ ሞልቶ ፈሰሰ፣ የፈሰሰውም እንደ ትእዛዝ ተቆጥሮ ተሠራ። ሰው መኖሩን ብቻ ሊናገር የተቀመጠው አገልግሎት ለማያውቀው እንግዳ የትእዛዝ መስመር ከፈተለት።

በጊዜው ብዙ የተወራው ስለ ኮዱ ስህተት ነበር፤ ስህተቱም ተስተካከለ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ጥያቄ ነው። ይህ አገልግሎት በሥራ ዘመኑ ሁሉ የትእዛዝ መስመር መክፈት አስፈልጎት አያውቅም። ታዲያ ማን ፈቀደለት? መልሱ ማንም አልፈቀደለትም፣ ማንም አልከለከለውም ነው። “የአንተ ሥራ ይህ ብቻ ነው” ተብሎ የሚጻፍበት ቦታ በእነዚያ ማሽኖች ላይ አልነበረም።

ወታደሮቹ ያሰቡት

ሐሳቡ ግን ከትሉ በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ጄምስ አንደርሰን ለአሜሪካ አየር ኃይል ባቀረበው ጥናት ሲስተሙ ውስጥ አንድ ዘበኛ እንዲቆም ሐሳብ አቀረበ። ዘበኛው ሦስት ነገር ማሟላት አለበት፦ አንድም ጥያቄ በጎን እንዳያልፈው፣ ማንም እንዳይነካካው፣ እና ሥራው ተመርምሮ እንዲታመን አነስ ያለ እንዲሆን። እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ መስክ የሚሠራ ሰው ከእነዚህ ሦስት አይወጣም።

በዓመቱ፣ በ1973፣ ዴቪድ ቤልና ሊዮናርድ ላፓዱላ የዘበኛውን ሕግ በሒሳብ ጻፉት። ሕጉ የወታደር ቤት ነው፤ ሰነድ ሁሉ የምስጢር ደረጃ አለው፣ ሰውም እንዲሁ። ከደረጃህ በላይ ያለውን አታነብም። ከደረጃህ በታች ባለው ላይም አትጽፍም፤ ምክንያቱም ያነበብከውን ምስጢር ወደ ታች ልታንጠባጥብ ትችላለህ። ይህ ሁለተኛው ነው ባለቤትነትን የሻረው። ሰነዱን የጻፈው ኮሎኔል ራሱ “ለእገሌ ይታይ” ቢል እንኳ ሲስተሙ አይሰማውም። በዚያው ዓመት በትለር ላምፕሰን አጭር ጽሑፍ አሳተመና ጥያቄውን ከሰው ወደ ፕሮግራም አዞረው፦ ያላመንኩትን ፕሮግራም መረጃዬን ሰጥቼ ሳሠራው፣ መረጃውን ለሌላ እንዳያሾልክ እንዴት አድርጌ ልከልለው?

የአሜሪካ መከላከያ በ1983 ያወጣውና በ1985 መመዘኛ ያደረገው “ብርቱካናማው መጽሐፍ” ይህን ሁሉ ደንብ አደረገው። በባለቤቱ ፈቃድ የሚመራውንና አስገዳጁን ለይቶ ያስቀመጠው እሱ ነው። ለተራው ዓለም ግን የወታደር ደረጃ ብዙም አልጠቀመም። ፊንገር ምን ደረጃ ይሰጠው? “ጥብቅ ምስጢር”? ሥራው እኮ ጥያቄ መመለስ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከማዕረግ ይልቅ ሥራን ያዩ ሰዎች ዘንድ ነው። ቦበርትና ኬይን በ1985 ያቀረቡት ሐሳብ ሰንጠረዥ ነበር። በአንድ በኩል ፕሮግራሞች እንደየሥራቸው ይመደባሉ፣ በሌላ በኩል ፋይሎች እንደየዓይነታቸው ምልክት ይለጠፍባቸዋል፤ ሰንጠረዡ ላይ ካልተጻፈ ምንም አይፈቀድም። በ1987 ደግሞ ክላርክና ዊልሰን ንግድ ቤት የሚያስፈልገው ከወታደር ቤት ይለያል ብለው ተከራከሩ። ነጋዴ የሚፈራው ምስጢሩ እንዳይወጣ ብቻ ሳይሆን መዝገቡ እንዳይበላሽም ነው፤ ስለዚህ ያዘዘው ሰው ራሱ አይረከብ፣ የተረከበው ራሱ አይክፈል። ይህን ለማስረዳት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ መድከም አያስፈልግም። በሞዴል 19 ገቢ ያደረገ፣ በሞዴል 22 ወጪ ያስፈረመ የመንግሥት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ሁሉ ክላርክንና ዊልሰንን ሳያነብ ያውቃቸዋል። ሥራ አስኪያጁ ቢያዝም ያለ ሞዴል ከመጋዘን ዕቃ አይወጣም።

በዝርዝሩ ሁሉ የገባው ሕግ ሲወድቅ

የሰንጠረዡን ሐሳብ ወደ ሁላችንም ማሽን ያመጣው ያልተጠበቀ አካል ነው፦ የአሜሪካው የስለላ መሥሪያ ቤት ኤንኤስኤ። ከዩታ ዩኒቨርሲቲና ከአንድ የግል ኩባንያ ጋር ሲሠራበት የቆየውን ጥናት ሊኑክስ ላይ ተክሎ፣ በዲሴምበር 2000 ኮዱን ለሕዝብ ለቀቀው። ስሙን “ኤስኢሊኑክስ” አሉት። ሰላይ የሠራውን ቁልፍ ቤቱ የሚገጥም አለ ወይ ብሎ የጠየቀ ብዙ ነበር፤ ኮዱ ግልጽ መሆኑና ማንም ሊመረምረው መቻሉ ነው ያስገባው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2001 አንዱን መርጦ ከማስገባት ይልቅ ለሁሉም የሚሆን መሰኪያ እንዲሠራ ጠየቀ። መሰኪያው ተሠራ፣ ኤስኢሊኑክስም በ2003 ወደ ዋናው ሊኑክስ ገባ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለእኔ የታሪኩ እምብርት ነው። በ2004 የወጣው ፌዶራ ኮር 2 ይዞት የመጣው ፖሊሲ ጥብቅ ነበር፤ ማሽኑ ላይ ያለውን ሁሉ ነገር፣ እያንዳንዱን ፕሮግራምና እያንዳንዱን ተጠቃሚ በሕግ ለመያዝ ይሞክራል። ሰው ኮምፒውተሩን የሚጠቀምበትን መንገድ ሁሉ ግን ማንም አስቀድሞ ሊጽፈው አይችልም። በየቦታው “ተከልክሏል” የሚል መልስ በዛ፣ ነገሩም ከመጀመሪያው ተዘግቶ እንዲመጣ ተደረገ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጣው ፌዶራ ኮር 3 አካሄዱን ቀየሩት። ዓለምን ሁሉ ማጠሩን ትተው ወደ ደርዘን የሚጠጉ አገልግሎቶችን ብቻ መረጡ፦ የድረ ገጽ ሰርቨሩን፣ የስም ሰርቨሩን፣ ከውጭ ሰው ጋር የሚነጋገሩትን። እነዚህ ሥራቸው ጠባብና የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ሥራቸውን መጻፍ ይቻላል። ሌላው እንደ ድሮው ይኑር። ይህ ሠራ። በቀጣዩ ዓመት ሬድ ሃት ለድርጅቶች በሚሸጠው ሊኑክስ ላይ ከመጀመሪያው በርቶ ገባ።

በተመሳሳይ ጊዜ ሌላ መንገድ ነበር። የክሪስፒን ካወን ቡድን ኢሙኒክስ በሚባል ኩባንያ የሠራው “አፕአርመር” ፋይል ላይ ምልክት አይለጥፍም፤ “ይህ ፕሮግራም በዚህ አድራሻ ያለውን ፋይል ያንብብ፣ በዚያኛው ላይ ይጻፍ” ብሎ በአድራሻ ይዘረዝራል። ፋይሉ ቦታ ቢቀየርስ እያሉ የምልክት ወገኖች ዓመታት ተከራከሩት፤ ክርክራቸውም እውነት ነበረበት። ግን ሰው አንብቦ የሚገባው ሆነ። ኖቬል ኩባንያውን በ2005 ገዛው፣ ኡቡንቱ ተቀበለው፣ በ2010 ወደ ዋናው ሊኑክስ ገባ።

ዛሬ ይህ ሕግ ኪሳችን ውስጥ ነው። አንድሮይድ ከ5.0 (እ.ኤ.አ. 2014) ጀምሮ ኤስኢሊኑክስን ሙሉ በሙሉ ያስፈጽማል። በ2015 ስቴጅፍራይት የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ፣ ቪዲዮ ከፍቶ የሚያነበው አገልግሎት ካሜራውንም ድምፁንም አብሮ የያዘ ስለነበር አደጋው ሰፊ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት አንድሮይድ 7.0 ያን አንድ አገልግሎት ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን አጥር ሠራለት። ይርጋጨፌ ገበያ ላይ የቡና ዋጋ በቴሌግራም የሚጠይቅ ነጋዴ የክላርክንና የዊልሰንን፣ የቦበርትንና የኬይንን ልጅ ይዞ ነው የሚዞረው።

ሚዛኑ

እኔ ያጠርኩት አገልግሎት ትንሽ ነው። አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ገበሬ ቀይ እሸት ቡና ያመጣል፣ ይመዘናል፣ ኪሎው ይመዘገባል፣ ደረሰኝ ይሰጠዋል። ክፍያው የሚታሰበው በዚያ ኪሎ ነው። ሚዛኑ ከትንሽ ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቷል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው አገልግሎት ቁጥሩን ተቀብሎ የቀኑ መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ዳታቤዙ ውስጥ ያስገባል፣ ደረሰኝ ያትማል፣ ማታ ኔትወርክ ሲኖር ድምሩን ይልካል። ሥራው ይኸው ነው፤ የፊንገር ዘመድ ነው።

አፕአርመር አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ፖሊሲውን መጀመሪያ “ማጉረምረሚያ” ላይ ማድረግ ይቻላል። እዚያ ላይ ሲሆን አይከለክልም፤ ከሕጉ የወጣ ነገር ባየ ቁጥር ሎግ ላይ ይጽፋል ብቻ። አገልግሎቱን በለቀማ ሰሞን ለሁለት ሳምንት እንዲህ ተውኩትና በየማታው ሎጉን አነበብኩ። ፕሮግራሙን ራሴ ጽፌውም የማላውቀውን ነገር አሳየኝ፤ ሰዓቱን ለማወቅ የትኛውን ፋይል እንደሚያነብ፣ ደረሰኙ ላይ የአማርኛ ፊደል ለማተም ስንት የፊደል ፋይል እንደሚከፍት።

ለቀኑ መዝገብ የሰጠሁት ፈቃድ አንድ ብቻ ነበር፦ መጨረሻው ላይ መጨመር። አፕአርመር መጻፍንና መጨመርን ይለያል። አገልግሎቱ አዲስ መስመር ይጨምራል እንጂ ትናንት የተጻፈ ኪሎ ላይ ተመልሶ መጻፍ አይችልም፤ እንደ እስክሪብቶ መዝገብ ማለት ነው። በኔትወርኩ በኩል አንድ ሰው አገልግሎቱን ቢያታልለው እንኳ የገበሬው የትናንት ኪሎ አይነካም።

ሁለት ሳምንቱ አልቆ ሎጉ ዝም ካለ በኋላ ፖሊሲውን ከማስፈጸሜ በፊት ሆን ብዬ የመብራቱን መሰኪያ ነቀልኩ። በእነዚያ ቀናት መብራት አልጠፋም ነበር፤ ይርጋጨፌ ላይ ግን መብራት የሚጠፋበት ቀን ይመጣል። መሰኪያውን ስመልሰው ሎጉ ጮኸ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ዳታቤዙ ሊጎዳ ስለሚችል፣ አገልግሎቱ ሲነሳ የቀኑን መዝገብ ከላይ እስከ ታች አንብቦ ዳታቤዙን እንደገና ይሠራዋል። በሰላሙ ቀን ግን መዝገቡ ላይ ይጨምራል እንጂ አያነበውም። ከሰላሙ ቀን ብቻ የተማረ ፖሊሲ “ማንበብ” የሚለውን አያውቅም፤ መብራት በጠፋ ቀን፣ ገበሬ ተሰልፎ ሳለ፣ የራሱን መዝገብ እንዳያነብ ከልክሎት አገልግሎቱ ይቆም ነበር። ማንበብን ጨመርኩና አስፈጸምኩት።

ሚዛኑን የሚይዙት አዛውንት ነገሩን ሲከታተሉ ሰንብተው ነበርና ጠየቁኝ።

“አሁን ይሄ ማሽን፣ የተጻፈውን ኪሎ ቀንስ ቢባል እምቢ ይላል ነው የምትለኝ?”

“አዎ ጋሼ። ፕሮግራሙ እምቢ ይባላል።”

“ባለቤቱ ራሱ ቢያዝስ?”

“ባለቤቱ ቢያዝም። ሕጉን የሚቀይር ሰው መጥቶ ሕጉን ካልቀየረው በቀር።”

ትንሽ አሰቡና “እንዲህ ከሆነማ ልጄ፣ ባለቤቱ ሕጉን የጻፈው ሰው ነዋ!” አሉኝ።

የአንደርሰን ጥናትም ብርቱካናማው መጽሐፍም በብዙ ገጽ የሚሉት ይህንኑ ነው። አስገዳጅ ቁጥጥር ሥልጣንን አያጠፋም፤ ከፋይሉ ባለቤት ወስዶ ለሕግ ጸሐፊው ይሰጣል። ኪሎውን በሚዛኑ ላይ ሲጭኑ የሚያጭበረብርን ሰውም አይዝም፤ የተጻፈውን ይጠብቃል እንጂ እውነት መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ ጸሐፊው ምን አይቶ እንደጻፈ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ምልክት የተለጠፈበት ቡና

የአዛውንቱን ቃል ይዤ ወደ ቡናው ልመለስ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ፣ በዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን መሪነት በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ማብቂያ የወጣው የቡና አዋጅ ቁጥር 602/2000 በቡና ንግድ ውስጥ ማን ምን ማድረግ እንደሚችል ዘረዘረ፤ አቅራቢ ከገበሬ ይገዛል፣ ወደ ምርት ገበያ ያመጣል፤ ላኪ ከምርት ገበያ ገዝቶ ወደ ውጭ ይልካል። በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደ ምርት ገበያው ገባ። በምርት ገበያው ሳያልፉ መላክ የተፈቀደላቸው እንደ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና የራሳቸውን እርሻ ቡና እንደሚልኩ አልሚዎች ያሉ ጥቂቶች ነበሩ። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በዚህ በር ነበር የሚያልፈው።

ከሶፍትዌር ሰው ዓይን ይህ የቦበርትና የኬይን ሰንጠረዥ ነው። አቅራቢ፣ ላኪ፣ ዩኒየን የሚሉት የሥራ ምድቦች ናቸው። ቡናው ደግሞ ምልክት ይለጠፍበታል፤ ምልክቱን የሚለጥፈውም ባለቤቱ አይደለም። ዲላ መጋዘን የደረሰ ቡና ናሙና ይወሰድለታል፣ ቀማሹ የማን እንደሆነ እንዳያውቅ ናሙናው በኮድ ይሰየማል፣ ከዚያ ቡናው በአካባቢና በጣዕም “ይርጋጨፌ ኤ”፣ “ይርጋጨፌ ቢ” እየተባለ ከነደረጃው ይመደባል። ባለቤቱ “የእኔ ቡና አንደኛ ነው” ቢልም፣ ቃሉ ደረጃውን አይወስንም።

ሕጉ የመጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቃል የተገባው ቡና አለመድረሱ፣ የተሸጠው ክፍያ መዘግየቱ፣ ከሌላ አካባቢ የመጣ ቡና በታወቀ ስም መሸጡ የቆየ በሽታ ነበር። ኮድ የተሰጠው ናሙና ቀማሹን ከዝምድናና ከጉቦ ይጠብቃል፤ የክፍያው ሥርዓት ሻጩ በማግስቱ ገንዘቡን እንዲያገኝ አደረገ። የይርጋጨፌ ስም ራሱ በዚያ ሰሞን በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ተመዝግቦ፣ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር እስከ መፈራረም የተደረሰበት ዋጋ ያለው ስም ነበር። እንዲህ ያለ ስም ዘበኛ ይፈልጋል።

ነገር ግን ሰንጠረዡ ውስጥ አንድ ዓምድ አልነበረም። ተመሳሳይ ምድብና ደረጃ ያለው ቡና አንድ ላይ ስለሚቆጠር፣ ከዚያ በኋላ የየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ፣ የየትኛው ቀበሌ ገበሬ እንደሆነ መከታተል አይቻልም። በዓለም ላይ ደግሞ ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍሉት የስፔሻሊቲ ቡና ገዢዎች የሚጠይቁት በትክክል ይህንኑ ነበር። ቀማሹን ከአድልዎ የጠበቀው ኮድ የገበሬውንም ስም አብሮ ሸፈነው። በዩኒየን በኩል ያላለፈ ገበሬ፣ እሸቱን ፍሬ በፍሬ መርጦ ቢለቅምም፣ ቡናው ዲላ ሲደርስ ምድብና ቁጥር ሆኖ ይቀራል። ገዢዎች ገና በመጀመሪያው የግብይት ዓመት ጮኹ። ሕጉ በመሠረቱ የተሻሻለው ግን በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ነው፤ ቡናን ከምንጩ መከታተልና በቀጥታ መላክ ሰፋ ያለ በር ያገኙት ያን ጊዜ ነው።

ቡናና ፋይል አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ፋይል አይራብም፣ የዘንድሮ ለቀማ ካለፈው ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስገባበት የለውም። ነገር ግን ፌዶራ ኮር 2 ላይ የሆነው፣ የእኔ ሚዛን ላይ ሊሆን የነበረውና ዲላ ላይ የሆነው አንድ ቅርጽ አላቸው። በሦስቱም ቦታ ከባለቤቱ በላይ ሕግ ማስፈለጉ ትክክል ነበር። በሦስቱም ሕጉ ጸሐፊው ያየውን ቀን ያውቃል፣ ያላየውን አያውቅም።

የሚለያዩት ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ ነው። ፌዶራ ላይ የተከለከሉት ጮኸው በወራት ውስጥ ተሰሙ። ማጠቢያ ጣቢያው ላይ ሎጉ የተናገረው በዚያው ቀን ተነበበ። ለቡናው ስምንት ዓመት ፈጀ፤ ስምንት ዓመት ማለት ስምንት ለቀማ ነው። በእኛ ሙያ ብዙ የሲስተም አስተዳዳሪዎች “ተከልክሏል” የሚል መልስ ሲበዛባቸው ኤስኢሊኑክስን አጥፍተው ያርፋሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሕጉ አንዴ ተጽፏልና ብለው ሎጉን ሳይከፍቱ ይተኛሉ። ሁለቱም ያው ናቸው። የተከለከለ ሁሉ ሌባ አይደለም፤ አንዳንዱ መብራት ጠፍቶበት የራሱን መዝገብ ሊያነብ የመጣ ነው። ማን እንደሆነ የሚታወቀው ክልከላው ተመዝግቦ፣ መዝገቡንም የሚያነብና ሕጉን የመቀየር ሥልጣን ያለው ሰው ሲኖር ነው።